ስለ ወሰን ጠብና መሪ ለጦርነት ስለሚያቀርበው ምክንያት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤

ዛሬ የምንነጋገርበት ቃል የሚገኘው በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 11 ነው። ይህ ምዕራፍ በተነበበ ጊዜ የሰሚው ልብ ወዲያው ወደ ዮፍታሔ ስእለትና ወደ ልጁ ሐዘን ስለሚሄድ፣ ከስእለቱ በፊት የተጻፈው ረጅም መልእክት ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይታለፋል። መልእክቱ ግን የሁለት ሕዝብ የወሰን ክርክር ነው። አንድ የጦር አለቃ ስለ ድንበር ለመዋጋት ያቀረበው ምክንያት ይህን ያህል በዝርዝር የተጻፈበት ሌላ ስፍራ በቅዱሳት መጻሕፍት ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ መሪዎች ስለ ወሰን ሲሉ ሕዝባቸውን ወደ ጦርነት በሚጠሩበት ጊዜ የሚናገሩትን ነገር ለመመርመር የሚሻ ክርስቲያን ከዚህ ቢጀምር መልካም መስሎ ይታየናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሞናውያን ተሰብስበው በገለዓድ ሰፈሩ። የገለዓድ ሽማግሌዎችም ቀድሞ ጠልተው ያባረሩትን ዮፍታሔን ከጦብ ምድር ጠርተው በላያቸው አለቃ አደረጉት። እርሱም ሰይፉን ከመምዘዙ በፊት ወደ አሞን ንጉሥ መልእክተኞች ልኮ፣ አገሬን ልትወጋ የመጣህብኝ ስለ ምን እንደ ሆነ ንገረኝ ሲል ጠየቀው። ንጉሡም እስራኤል ከግብፅ በወጣ ጊዜ ከአርኖን ጀምሮ እስከ ያቦቅና እስከ ዮርዳኖስ ያለውን ምድሬን ወስዶብኛልና አሁን በሰላም ይመልስልኝ ሲል መለሰለት። ዮፍታሔም ሁለተኛ ላከ። እስራኤል የሞዓብንም የአሞንንም ምድር አልወሰደም፤ የወሰደው ከአሞራውያን ንጉሥ ከሴዎን ነው፤ እርሱም ማለፊያ መንገድ ቢለምኑት ከልክሎ ጦርነት የጀመረ ራሱ ነው፤ የሞዓብ ንጉሥ ባላቅ እንኳ ስለዚህ ምድር አልተዋጋም፤ እኛ በሐሴቦንና በአርኖን ዳር ባሉት ከተሞች ሦስት መቶ ዓመት ስንቀመጥ እናንተ ስለ ምን ዝም አላችሁ፤ እንግዲህ እግዚአብሔር በመካከላችን ይፍረድ የሚል ነው የመልእክቱ ፍሬ ነገር።

ይህን በጥሞና ላነበበ ሰው ዮፍታሔ ሕግ የተማረ ነገረ ፈጅ ይመስለዋል። ምድሪቱ በማን እጅ እንደ ነበረች ተናገረ፤ የይዞታውን ዘመን ቈጠረ፤ የባለጋራውን የረጅም ዘመን ዝምታ መስክር ብሎ ጠራ። ዛሬም በዓለም ሸንጎ ፊት ስለ ወሰን የሚከራከሩ መንግሥታት ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አያመጡም።

ነገር ግን ወደ ኋላ ተመልሰን ኦሪት ዘኍልቍን በምዕራፍ 21 ብናይ ዮፍታሔ ያላነሣውን አንድ ነገር እናገኛለን። ሴዎን ራሱ ያን ምድር የወሰደው ከእርሱ በፊት ከነበረው ከሞዓብ ንጉሥ በጦር ነው። በመጽሐፈ ኢያሱ በምዕራፍ 13ም ለጋድ ነገድ በደረሰው ርስት ውስጥ የአሞን ልጆች ምድር እኩሌታ እንደ ነበረበት ተጽፏል። እንግዲህ የአሞን ንጉሥ ክርክር ፈጽሞ ሥር የሌለው አልነበረም፤ የዮፍታሔም ክርክር ሐሰት አልነበረም። ልዩነቱ ታሪኩ ከየት ይጀመር በሚለው ላይ ነው። ዮፍታሔ ከሴዎን ጀመረ፤ የአሞን ንጉሥ ከሴዎን አስቀድሞ ካለው ዘመን ጀመረ። የወሰን ጠብ ጠባይ ሁልጊዜ ይህ ነው። ምድሪቱ አንዲት ስትሆን መጀመሪያዋ ብዙ ነው፤ ለጦርነት የሚነሣ መሪም ከሁሉ አስቀድሞ ታሪኩ የሚጀምርበትን ዓመት ይመርጣል። የመረጠውን ዓመት እንጂ የተወውን ዓመት ለሕዝቡ አይነግርም።

ከእኛ መካከል በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ነገር በትንሹ ያውቀዋል። ሁለት ገበሬዎች በእርሻ ዳር ሲጣሉ አንደኛው በአባቴ ዘመን ይላል፤ ሁለተኛው በአያቴ ዘመን ይላል። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ እማኝ ይቆማል፤ የወሰኑ ድንጋይ ተቈፍሮ ይታያል፤ ያ ባይገኝ መሐላ ይመጣል። ነገሩ በዚህ ባያልቅ ደግሞ የሰው ሕይወት ጠፍቶ ደሙ እስከ ልጅ ልጅ ሲመላለስ ይኖራል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 27 የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚያፈልስ ሰው እንዲረገም፣ ሕዝቡም ሁሉ በእርግማኑ ላይ አሜን እንዲል ታዟል። ይህ ቃል ለገበሬ ብቻ የተጻፈ አይመስለንም። የአንድ ጥማድ እርሻ ዳር የገፋ ከተረገመ፣ የጎረቤቱን አውራጃ የገፋ መንግሥት በምን ሕግ ይባረካል?

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንምጣ። በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል፣ በኢትዮጵያና ኢጣልያ በያዘችው የሱማሌ ምድር መካከል ያለው ወሰን በወረቀት ተጻፈ። በምድር ላይ ግን ምልክቱ አልተተከለም። ወልወል የሚባለው ስፍራ ከዚያ ወሰን ወደ ኢትዮጵያ ውስጥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ገብቶ በኦጋዴን በረሃ የሚገኝ ነው። ሀብቱ የውሃ ጕድጓዶቹ ናቸው፤ ዘላኖች ግመልና ከብት እየነዱ መጥተው የሚያጠጡበት ነው እንጂ ወርቅ የሚቈፈርበት አልነበረም። የኢጣልያ ጦር ቀስ ብሎ መጥቶ ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠበት። በኅዳር ወር 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ኮሚሲዮን ወደዚያ በደረሰ ጊዜ ማለፊያ ተከለከለ። እንግሊዞቹ ጠብ እንዳይነሣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ሲሉ፣ ኮሚሲዮኑን ያጀበው የኢትዮጵያ ጦርና የኢጣልያ ጦር ፊት ለፊት ተፋጠው ቀሩ። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተነሣ። ከኢትዮጵያውያን ወገን ብቻ የሞቱት ከመቶ በላይ ነበሩ። የመጀመሪያውን ጥይት የተኰሰው ማን ነው በሚለው እያንዳንዱ ወገን በሌላው አመካኘ።

ሙሶሊኒ ወዲያው ካሣ ጠየቀ። የሐረርጌው ገዢ ወልወል ድረስ ሄዶ ይቅርታ እንዲለምን፣ ለኢጣልያ ሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ እንዲሰጥ፣ 200 ሺህ ጠገራ ብርም እንዲከፈል አዘዘ። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1920 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የተፈራረሙት የወዳጅነት ውል ጠብ ቢነሣ በግልግል ይታይ ስለሚል ነገሩ በገላጋይ ዳኞች እንዲታይ ጠየቀች፤ ለዓለም መንግሥታት ማኅበርም አመለከተች። ዳኞቹም ከብዙ ወራት በኋላ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ስለ ወልወሉ ተኩስ ሁለቱም መንግሥታት የሚወቀሱ አይደሉም ብለው ፈረዱ። ነገሩ በእውነት የወልወል ነገር ቢሆን ኖሮ በዚህ ቀን ባለቀ ነበር።

አላለቀም። ሙሶሊኒ ገና በታኅሣሥ ወር 1927 ዓ.ም. ለሹማምንቱ በምስጢር ባስተላለፈው መመሪያ ላይ ዓላማው የኢትዮጵያን ሠራዊት ደምስሶ አገሪቱን በሙሉ መያዝ እንደ ሆነ ጽፎ ነበር። ዳኞቹ ማስረጃ ሲመረምሩ መርከቦች በስዊዝ ቦይ በኩል ወታደርና መሣሪያ ያመላልሱ ነበር። መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. በሮማ ከሰገነቱ ላይ ቆሞ ሕዝቡን ሰብስቦ ሲናገር ኢጣልያ ከኢትዮጵያ ጋራ አርባ ዓመት እንደ ታገሠች፣ ትዕግሥቷም እንዳለቀ ገለጠ። አርባ ዓመት ማለቱ የዐድዋን ቀን ማስታወሱ ነው፤ እነሆ መሪ የሚመርጠው የታሪክ መጀመሪያ የቱ እንደ ሆነ እናስተውል። በማግሥቱም ጦሩ ዘመተ። ጠቡ የተነሣው በምሥራቅ በኦጋዴን ጕድጓድ ነበር፤ ታላቁ ጦር የተሻገረው ግን በሰሜን የመረብን ወንዝ ነው። ካርታ ያላየ ገበሬ እንኳ ይህን ቢነግሩት፣ ስለ ውሃው የተጣላ ሰው ስለ ምን በጓሮ በር ገባ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የወልወል ምክንያት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት እስከ ወደቁበት፣ በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጅምላ እስከ ተረሸኑበት ቀን ድረስ ሄደ። እነዚያ መነኮሳት ስለ ወልወል ጕድጓድ ምን ያውቁ ነበር?

በዚያን ጊዜ በኢጣልያ አገር ጥቂት ያልሆኑ ጳጳሳት ዘመቻውን ባረኩ። ይህን ስናነሣ ልናስበው የሚገባን በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 22 የተጻፈው የአክዓብ ነገር ነው። አክዓብ ሬማት ዘገለዓድ የእኛ ሳለች ዝም ብለን ተቀምጠናል ብሎ ሹማምንቱን ቀሰቀሰ። ስለ ምድሪቱ የተናገረው እውነት ነበረ። በምዕራፍ 20 እንደ ተጻፈው የሶርያ ንጉሥ ከተሞቹን ሊመልስ ቃል ኪዳን ገብቶለት ነበርና በእጁ ውል ነበረው። አራት መቶ ነቢያትም በአንድ ቃል ውጣ፣ ታሸንፋለህ አሉት፤ አንዱም የብረት ቀንዶች ሠርቶ መጣ። ሚክያስ የይምላ ልጅ ሊጠራ በሄዱ ጊዜ፣ ሊያመጣው የተላከው ሰው በመንገድ ላይ ቃልህ እንደ ሌሎቹ ይሁን ብሎ መከረው። ይህን የመከረው ክፉ ሰው አይመስለንም፤ ምናልባት አዝኖለት ይሆናል። ሚክያስ ግን እስራኤልን እረኛ እንደሌላቸው በጎች በተራሮች ላይ ተበትነው ማየቱን ተናገረ፤ ስለዚህም ወደ ግዞት ቤት ተላከ።

ንጉሡ ለሕዝቡ የነገረውና ለራሱ ያደረገው ሁለት ነገር ነበረ። በሰልፉ ቀን ልብሰ መንግሥቱን ጥሎ እንደ ማንኛውም ወታደር ሆኖ ገባ፤ ወዳጁ ኢዮሣፍጥ ግን ልብሰ መንግሥቱን እንደ ለበሰ እንዲገባ አደረገ። ጠላት የንጉሥ ልብስ ያየበትን ሊገድል እንደሚፈልግ አክዓብ ያውቅ ነበር። ስለ አገር ክብር አጥብቆ የሚናገር መሪ የክብሩን ልብስ በሌላው ትከሻ ላይ ማኖሩ በአክዓብ አልተጀመረም፤ በአክዓብም አላበቃም። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ማንን እንደሚመታ ሳያውቅ የለቀቀው ፍላጻ በጥሩሩ መጋጠሚያ ገብቶ አገኘው። ፀሐይ ስትጠልቅም ሞተ።

የሙሶሊኒን ምክንያት መመርመር ለእኛ ቀላል ነው፤ የተበደልን እኛ ነንና። የሚከብደው የሚቀጥለው ነው። ምእመናን ሆይ፤ ባድመን ሳናነሣ ስለ ወሰን ጦርነት ብንናገር ንግግራችን ጎደሎ ይሆናል።

በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ያለው ወሰን ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋራ በተዋዋሏቸው ሦስት ውሎች ተጽፎ ነበር፤ የውሎቹም ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር 1900፣ 1902 እና 1908 ነው። እንደ ወልወል ሁሉ በዚህም ጽሕፈቱ ወደ ምድር አልወረደም ነበር። በሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በባድመ አካባቢ በጥቂት ወታደሮች መካከል ተኩስ ተነሥቶ ሰው ሞተ። ከስድስት ቀን በኋላ ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ጦር በታንክ ታጅቦ ባድመን ያዘ። በአንድ ዘመን በአንድ ወገን ቆመው የታገሉት ሁለቱ መሪዎች፣ ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂና ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ ከዚህ ቀን በኋላ እያንዳንዳቸው ለየሕዝባቸው ምክንያት ማቅረብ ጀመሩ። አንደኛው ወገን አስቀድሞ የተገደሉት የእኛ ሰዎች ናቸው፤ የገባነውም በቅኝ ግዛት ውል የእኛ ወደ ሆነው ምድር ነው አለ። ሁለተኛው ወገን እኛ ስናስተዳድረው የኖርነው ምድር በጦር ተወረረ፤ ወራሪው ሳይወጣ ንግግር የለም አለ። ሁለቱም የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሁለት ዓመት ተዋጉ፤ ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. ተኩስ ለማቆም ተስማሙ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ውል ተፈራረሙ። የሁለቱን ወገን ሙታን ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ የሚገምቱ አሉ። ኤርትራ በ1993 ዓ.ም. ከራሷ ወገን ብቻ 19 ሺህ እንደ ሞቱ አስታውቃለች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር መሪዎች ስለሚያቀርቡት ምክንያት ብዙ ያስተምረናል። በአልጀርሱ ውል ሁለት ኮሚሲዮኖች ተቋቁመው ነበር፤ አንዱ ወሰኑን የሚወስን፣ ሁለተኛው የጉዳት ካሣን የሚመረምር። የወሰኑ ኮሚሲዮን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ባድመ ለኤርትራ ደረሰች። የካሣው ኮሚሲዮን ደግሞ በታኅሣሥ ወር 1998 ዓ.ም. ኤርትራ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦር ማስገባቷ የዓለምን ሕግ መጣስ እንደ ነበረ ፈረደ። ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። ምድሪቱ የእርሷ ነች፤ በጦር መግባቷ ግን ጥፋት ነው። ዳኞቹ ምክንያታቸውን ሲገልጹ፣ በመንግሥታት መካከል የወሰን ክርክር እጅግ የበዛ ስለ ሆነ፣ ምድሩ የእኔ ነው የሚል ሁሉ ጦር እንዲያነሣ ቢፈቀድለት የሰላም ሕግ በትልቅ ቀዳዳ ይፈርሳል የሚል አሳብ አስፍረዋል። ጥቂት ወታደሮች በድንበር ላይ መታኰሳቸውም ሰው ቢሞትበት እንኳ አገርን ወደ ጦርነት ለማስገባት ምክንያት አይሆንም ብለዋል። ከዓለማውያን ዳኞች የወጣው ይህ ቃል ከአክዓብ ታሪክ ጋራ ምንኛ ይስማማል! የርስት ክርክር ላይ እውነት መያዝና ለመግደል መብት ማግኘት አንድ አይደሉም።

ከእኛም ወገን ደግሞ ልንናገር ይገባናል። ኢትዮጵያ የወሰኑ ኮሚሲዮን የሚሰጠው ፍርድ የመጨረሻ እንዲሆን በአልጀርስ ፈርማ ነበር። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ግን እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በዐሥራ ስድስት ዓመታት ውስጥ በምድር ላይ አልተፈጸመም። በእነዚያ ዓመታት የሁለቱ አገር ወጣቶች በምሽግ ውስጥ አረጁ። መሐላ ከመማል በፊት ዳኛውን መምረጥ ይቻላል፤ ከፍርዱ በኋላ ግን ዳኛው መልካም የሚሆነው ሲፈርድልን ብቻ ከሆነ የተዋዋልነው ምን ነበር?

በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 12 የዮፍታሔ ጦርነት እንዴት እንደ ተጨረሰ ስናነብ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። አሞናውያን ተሸነፉ፤ ወሰኑ ተጠበቀ። የድሉ ደስታ ሳይበርድ የኤፍሬም ሰዎች ለምን አልጠራኸንም ብለው በዮፍታሔ ላይ ተነሡ፤ የገለዓድም ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ ሺቦሌት በል ይሉት ጀመር። ሲቦሌት ያለ ተገደለ። በአንዲት ፊደል ምክንያት 42 ሺህ ወንድሞች በመሻገሪያው ወደቁ። ከባዕድ ጋራ በወሰን የተጀመረው ነገር በወንድም አንደበት ላይ አለቀ። በ1990 ዓ.ም. የሆነውም ይህን ይመስላል። በሁለቱ አገሮች ውስጥ በትዳር፣ በክርስትና አበልጅነት፣ በማኅበርና በንግድ ተጋምደው የኖሩ ሰዎች ትውልዳቸው እየተጠየቀ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩት ከየቤታቸው ተባረሩ። ባልና ሚስት ተለያዩ፤ እናት በአንዱ ከተማ ቀርታ ልጅ በሌላው አደገ። ግንቦት 28 ቀን በአንዲት ዕለት መቀሌ ላይ በአይደር ትምህርት ቤት ሕፃናት በአውሮፕላን ቦምብ ሲሞቱ፣ የአሥመራ አውሮፕላን ማረፊያም ተደብድቧል። በመረብ ወዲህና ወዲያ ያሉት እናቶች በዚያ ሰሞን ለአንድ እግዚአብሔር በአንድ የግእዝ ቅዳሴ እግዚኦታ ያደርሱ ነበር። የአንዷ እናት ድል የሌላዪቱ እናት ልቅሶ ነው፤ ሁለቱም ሻማ የሚያበሩት ለአንዲት እመቤት ነው። በኅዳር ወር 1991 ዓ.ም. የሁለቱ አገር የሃይማኖት አባቶች በኖርዌይ አገር በኦስሎ ተገናኝተው ስለ ሰላም መመካከራቸውን በምስጋና እናስባለን፤ ጦርነቱን ግን ሊያስቆሙት አልቻሉም።

ይህን ስንል አንዳንድ አድማጮቻችን፣ እንግዲህ አገር ስትወረር እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይገባልን ብለው ይጠይቁ ይሆናል። አይገባም። አባቶቻችን በዐድዋ ታቦት አስከትለው የወጡት፣ በአምስቱ ዓመት መከራ ጊዜም በዱር በገደል የኖሩት በከንቱ አልነበረም። ነገር ግን የአባታችን የአብርሃምን ነገር እንመልከት። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 13 እረኞቹና የሎጥ እረኞች በግጦሽ ምድር በተጣሉ ጊዜ፣ በዕድሜ ታላቅ እርሱ ሳለ፣ ታናሹ አስቀድሞ እንዲመርጥ ለቀቀለት። ሎጥም ውሃ የጠገበውን ሜዳ መረጠ፤ አብርሃም አልተከራከረም። በምዕራፍ 14 ሎጥ በተማረከ ጊዜ ግን ያው አብርሃም 318 ቤተ ሰቦቹን አስታጥቆ በሌሊት ገሠገሠ። ቍጥራቸው በኒቅያ ከተሰበሰቡት ሊቃውንት ቍጥር ጋራ አንድ መሆኑን መምህራን ሲያመሰጥሩት እንሰማለን። የግጦሽ ምድር ሲሆን የለቀቀው፣ ሰው ሲሆን ዘመተ። ምርኮውንም ካስመለሰ በኋላ ከሰዶም ንጉሥ ሀብት አንዲት ክር እንኳ አልወሰደም።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 20 ጦር ከመሰለፉ በፊት ሹማምንቱ በሕዝቡ ፊት የሚያቀርቡትን ጥያቄ ይነግረናል። አዲስ ቤት ሠርቶ ገና ያላስመረቀ ይመለስ፤ ወይን ተክሎ ገና ፍሬውን ያልበላ ይመለስ፤ ሴት አጭቶ ገና ያላገባ ይመለስ፤ ልቡ የፈራም ይመለስ ይላል። መሪ ስለ ሰንደቅ ዓላማና ስለ አባቶች አጥንት ሲናገር፣ ሕጉ ስለ አንድ ሰው አዲስ ጎጆና ስለ አንዲት እጮኛ ይናገራል። ከተማ በከበቡ ጊዜም የፍሬ ዛፍ እንዳይቈርጡ ይከለክላል። የዛላንበሳን ከተማ ከጦርነቱ በኋላ ያዩ ሰዎች ግን ቆሞ የቀረ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በአሥመራ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ተፈራረሙ። በ2011 ዓ.ም. በእንቍጣጣሽ ዕለት በዛላንበሳ በኩል መንገዱ ሲከፈት ሃያ ዓመት ያልተያዩ ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ምድርም የሳሙ ነበሩ። የተከፈቱት በሮች ግን ጥቂት ወራት ቈይተው አንድ በአንድ ተዘጉ። ከዚያም ወዲህ በዚያ ምድር ሌላ ጦርነት መጥቶ ብዙ ደም ፈሷል፤ እርሱን በዚህ አጭር ጊዜ ልንተርከው አንችልም።

የቀረን ጥቂት ጊዜ ነውና የመጽሐፈ ኢያሱን ምዕራፍ 22 እንይ። የሮቤልና የጋድ ልጆች የምናሴም ነገድ እኩሌታ ርስታቸው ከዮርዳኖስ ማዶ ስለ ነበረ፣ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በወንዙ ዳር ታላቅ መሠዊያ ሠሩ። ይህ በተሰማ ጊዜ የእስራኤል ማኅበር ሁሉ ሊወጓቸው በሴሎ ተሰበሰቡ። የጦርነቱ ምክንያት ዝግጁ ነበረ፤ ከእግዚአብሔር ርቀዋልና ይቀጡ የሚል ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያት ከየት ይመጣል? ነገር ግን ከሰልፉ በፊት የአልዓዛርን ልጅ ካህኑን ፊንሐስን ከዐሥር አለቆች ጋራ ላኩ። ፊንሐስ ለስላሳ ሰው አልነበረም፤ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 25 ጦር አንሥቶ የሠራው ሥራ ተጽፎለታል። በዚህ ቀን ግን በእጁ ጦር አልነበረም። መልእክተኞቹ ከደረሱ በኋላ ከወቀሳቸው ጋራ አንድ ያልተለመደ ነገር ተናገሩ፤ ይኸውም ርስታችሁ ረክሳ እንደ ሆነ ወንዙን ተሻገሩና በእኛ መካከል ርስት ውሰዱ የሚል ነው። ስለ ወሰን ሊዋጋ የወጣ ማኅበር ከራሱ ምድር ከፍሎ ሊሰጥ ቃል ገባ።

የወዲያ ማዶ ሰዎችም መለሱ። መሠዊያውን የሠራነው ለመሥዋዕት አይደለም፤ ወደፊት ልጆቻችሁ ልጆቻችንን፣ እግዚአብሔር ዮርዳኖስን በእኛና በእናንተ መካከል ወሰን አድርጓልና ከእርሱ ዕድል የላችሁም እንዳይሏቸው ፈርተን ነው አሉ። ከወንዙ ወዲህ የነበሩት የፈሩት አመፅን ነበር፤ ከወዲያ የነበሩት የፈሩት መረሳትን ነበር። ፊንሐስ ይህን በሰማ ጊዜ ደስ አለው፤ ከእርሱ ጋራ የነበሩት አለቆችም ደስ አላቸው፤ ወደ ሴሎም ተመልሰው ነገሩን አስታወቁ። የእስራኤልም ልጆች እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ሊወጓቸው እንደሚወጡም ዳግመኛ አልተናገሩም። በመሠዊያው ላይ አንድም መሥዋዕት አልቀረበበትም፤ ስሙም ምስክር ተባለ።

የሰላም አለቃ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በወሰን ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሕዝቦቹን ይጠብቅልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።